ጣሪያዬ ላይ ያለውን እድፍ ለእማማ እንዴት ልንገራቸው?

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ አካባቢ፣ ባለአራት ፎቅ በሆነ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ በዕጣ የደረሰን ነው፤ ከገባንበት 9 ዓመት ሆነን።

ኅዳር ላይ የመታጠቢያ ቤታችን ጣሪያ ጥግ ላይ መዳፍ የምታክል ቢጫ እድፍ አየሁ። ባለቤቴ ቀለሙ አርጅቶ ነው ብሎ ቀባበት። ከገና በኋላ ተመልሳ መጣች። አሁን ሰሃን ታክላለች፤ ጠርዟ ቡናማ ሆኗል፤ አዲሱ ቀለምም እየተላጠ ነው። ከአምፖሉ ያላት ርቀት ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ባለቤቴ ፋሲካ ሲቃረብ እንደገና እቀባዋለሁ ይላል፤ ለበዓሉ ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጡብናል።

ከእኛ በላይ የሚኖሩት ሁላችንም እማማ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የሚተዳደሩት በጡረታና ቤይሩት ያለችው ልጃቸው አልፎ አልፎ በምትልከው ገንዘብ ነው። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ እናቴ ታማ ስለነበር ገንፎውን አገንፍተው ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ሄጄ "የእርስዎ ቤት እያፈሰሰብን ነው" ብላቸው እንዴት ያዩኛል? ለመናገር ቆርጬ ሦስት ጊዜ ደረጃውን ወጥቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰላም ብያቸው ተመልሻለሁ።

ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ፣ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው። እኛ በረንዳ ላይ ሮቶ አለን፤ እማማ ግን መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ካስቀመጧቸው ሁለት በርሜሎች በቀር ሌላ የላቸውም። ሌሊት ተነሥተው ሲሞሉ ይሰማኛል። ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት እድፏን ጠቆር ብላ አገኛታለሁ፤ ሰኞ ስትደርስ የደረቀች ትመስላለች፤ ያን ጊዜ ትቶን ሊሆን ይችላል ብዬ ልቤ ይረጋል።

ነገር ነገርን ያነሣዋልና የእኛም ቤት ደህና አይመስለኝም። የሽንት ቤታችን ውሃ ማጠራቀሚያ ሌሊት ሽሽ ይላል። የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ውሃው ቀስ ብሎ ይወርድና መጨረሻ ላይ ጉርር ይላል። የውሃ ክፍያችን ካለፈው ዓመት ጨምሯል፤ ባለቤቴ ታሪፉ ተወዶ ነው ይላል።

ነገር እያጋነንኩ ነው? ለእማማስ በምን አፍ ልንገራቸው? ወጪውስ በማን ላይ ነው የሚወድቀው?

ደረጃ ወጥታ የምትመለሰው፣ ከጀሞ

*

ውድ እኅቴ፣

ስለ እማማ ከመነጋገራችን በፊት ዛሬ ማታ የምታደርጊው አንድ ነገር አለ። እድፏ ከአምፖሉ አንድ ክንድ ብቻ ትርቃለች ብለሻል። ስለዚህ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ከብሬከሩ አጥፊው፤ ነገሩ እስኪጣራም በባትሪ መብራት ተጠቀሙ። ውሃ የገባበት ጣሪያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ልጆቹ እግራቸው እንደረጠበ፣ እጃቸው እንደረጠበ ማብሪያውን ይነካሉ። ብሬከሩ የትኛውን ክፍል እንደሚቆጣጠር ካላወቃችሁ ባለቤትሽ አንድ በአንድ እያጠፋ ይለየው። በደብዳቤሽ ውስጥ ቀን የማይሰጠው ጉዳይ ይህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ነገር እያጋነንሽ አይደለም። ቀለም ተቀብቶ በሦስት ወር ውስጥ የተመለሰ፣ ጠርዙ የጠቆረ፣ ከመዳፍ ወደ ሰሃን ያደገ እድፍ ውሃ ነው። ያረጀ ቀለም ይደበዝዛል እንጂ ቡናማ ጠርዝ አያወጣም። ያ ቡናማ መስመር ውሃው ከሲሚንቶውና ከልስኑ አሟሙቶ ያመጣው ነው፤ ሲደርቅ ጠርዝ ላይ ይቀራል፤ ውሃው በተመለሰ ቁጥር ሌላ መስመር ይጨመርበታል። የተላጠውም ቀለም የሚነግርሽ ይህንኑ ነው፤ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል። ባለቤትሽ ለቤቱ የማይገደው ሰው አይመስለኝም፤ በራሱ እጅ ቀብቶታል። ግን እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም እንደማይቆይ አሁን አይቶታል። ፋሲካ ሲቃረብ ሁለተኛ ጊዜ ከመቀባት ይልቅ ለአንድ ሳምንት እንዲታገስሽ ጠይቂው። ብሩሹን ከያዘ እጅ ይልቅ መሰላሉን የሚይዝልሽ እጅ ነው አሁን የሚያስፈልግሽ።

ደብዳቤሽን ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ቆም ያደረገኝ ስለ ረቡዕና ቅዳሜ የጻፍሽው ነው። እንደ ዘበት ነው የጠቀስሽው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠው መረጃ እሱ ነው። የውሃ ጉዳት ከየት እንደመጣ የሚታወቀው ከታየበት ቦታ ይልቅ ከሚመጣበት ሰዓት ነው። ምክንያቱም ውሃ እዚያው በፈሰሰበት አይወርድም፤ በሶሌታው፣ ማለትም በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው የሲሚንቶ ወለል ውስጥ፣ በስንጥቅና በፌሮው ብረት ሥር እየሄደ ዝቅ ያለና የላላ ቦታ ሲያገኝ ነው የሚወጣው። ከጥግሽ በላይ ያለው የእማማ መታጠቢያ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሜትር ርቆ ያለ ቱቦም ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ግን አይዋሽም። ዝናብ ሲዘንብ የሚረጥብ ጣሪያ ችግሩ ከላይ ከቆርቆሮው ወይም ከአሸንዳው ነው። ሰው በታጠበ ቁጥር የሚረጥብ ጣሪያ ችግሩ ከፍሳሽ መስመሩ ወይም ከወለሉ ነው። ውሃ በመጣ ቁጥር የሚረጥብ ጣሪያ ደግሞ ችግሩ ንጹሕ ውሃ ከሚያመጣው ቱቦ ወይም ከሚሞላው ዕቃ ጋር የተያያዘ ነው። በፈረቃ ምክንያት ብዙ እንቸገራለን፤ እዚህ ላይ ግን ይጠቅመናል። በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ውሃ የሚያገኝ ቤት የፈተና ቀኑ ታውቆ የተቀመጠለት ቤት ነው።

የአንቺ ጣሪያ የሚጠቁረው ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ውሃ ከመጣ በኋላ ነው። ያየሽው ከኅዳር ጀምሮ እስከ አሁን ባለው በጋ ስለሆነ ዝናቡን እንተወው። የሚቀሩት ሦስት ናቸው። አንደኛው በእማማ ግድግዳ ወይም ወለል ውስጥ ያለ የውሃ መስመር ነው፤ ሮቶ ስለሌላቸው ቱቦው ግፊት የሚያገኘው በእነዚያ ሌሊቶች ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳ ካለው የሚያፈስሰውም ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛው የልብስ ውሃ ነው፤ ውሃ በመጣ ማግስት ሁላችንም ልብስ እናጥባለን፤ ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ ፍሳሹ ይሄዳል። ሦስተኛው ግን ስጽፍልሽ ልቤን የሚነካው ነው። አንዲት አዛውንት በሌሊት ተነሥተው፣ ቧንቧ ከፍተው፣ ጎማውን በርሜል ውስጥ ከትተው አልጋቸው ላይ ጋደም ሲሉ እንቅልፍ ቢወስዳቸውስ? በርሜሉ ይሞላል፤ ይፈስሳል፤ ወለሉ በሙሉ በውሃ ይሸፈናል። ከጊዜ ብዛት በሴራሚኩ መካከል ያለው ሲሚንቶ ስለሚበላ ውሃው በዚያ ይሰርጋል። ጠዋት ያደርቁታል፤ ለማንም አይናገሩም። አንቺም ከታች ሆነሽ ለማንም አትናገሪም።

እንደዚህ ከሆነ ደረጃውን የምትወጪው ልትከሺያቸው ነው ወይስ ልታግዢያቸው? እንደሚመስለኝ ሦስት ጊዜ የመለሰሽ፣ በእጅሽ የያዝሽው ቃል ክስ ስለሆነ ነው። "የእርስዎ ቤት እያፈሰሰብን ነው" የሚለው አረፍተ ነገር እውነት መሆኑም ገና አልታወቀም። በሕንፃው ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው የጋራ ቱቦ ከመታጠቢያ ቤታችሁ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ጥፋቱ የእማማም የአንቺም ላይሆን ይችላል። በማይታወቅ ነገር ላይ ያረሱሽን ሴት ጥፋተኛ ማድረግ አልፈለግሽም። ይህ ይሉኝታሽ ክፉ አይደለም፤ ልክ ያልሆነውን ቃል ነው የከለከለሽ። ሌላ ቃል እንፈልግለት።

አንድ ነገር ላውጋሽ። እኔ በአንድ ወቅት ከላይ የምኖረው ሰው ነበርኩ። ከሥሬ ያለችው ጎረቤቴ ጣሪያዋ መርጠብ ሲጀምር፣ ልጄ ታሞብኝ ሆስፒታል እመላለስ ስለነበር "አሁንማ አላስቸግራትም" ብላ ዝም አለች። ዝምታው ሰባት ወር ቆየ። አንድ ቀን የጣሪያዋ ልስን ተገምሶ ልጇ የሚተኛበት አልጋ ላይ ወደቀ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት አልጋው ባዶ ነበር። ስወርድ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። መንስኤው ከልብስ ማጠቢያ ማሽኔ ጀርባ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ነበር፤ ለመለወጥ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ካወጣሁት ገንዘብ ይልቅ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፈገግ ብላ ታልፈኝ ነበር፤ በሆዷ ግን ይህን ይዛ ነበር። "ምነው ሳትነግሪኝ?" ስላት ሁለታችንም አለቀስን። እማማ አንድ ቀን ከሌላ ሰው ቢሰሙ "እኔን ፈርታኝ ነው?" ብለው የሚያዝኑ አይመስልሽም?

እንግዲህ ወደ ላይ ከመውጣትሽ በፊት ከራስሽ ቤት ጀምሪ። ይህን የምልሽ በሁለት ምክንያት ነው። ቤትሽ በእርግጥ ሦስት ምልክቶች እየሰጠሽ ነው፤ ደግሞም "የእኔ ቤት ቧንቧ ተበላሽቶ ሠራተኛ ጠርቻለሁ" ብሎ የሚመጣ ጎረቤት ማንንም አያስቀይምም።

ሽሽ የሚለው የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከታች ያለው ውሃውን የሚዘጋው ጎማ ደርቆ ወይም ጨው ይዞ ውሃውን ወደ መቀመጫው እያሾለከው ነው፤ ወይ ተንሳፋፊው ኳስ ሲሞላ መዝጋት አቅቶት ውሃው በትርፍ መውረጃው እየሄደ ነው። ለመለየት ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ የቀይ ሥር ውሃ ወይም የጠቆረ ቡና ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሪ፤ ግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይጠቀም አድርጊ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ውሃው እየሾለከ ነው። ከዚያ ክዳኑን ከፍተሽ እዪ፤ ውሃው እስከ ትርፍ መውረጃው አፍ ድረስ ሞልቶ ከሆነ ጥፋቱ የኳሱ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከሆነ ጎማውን ጠርጥሪ። ሁለቱም ዕቃዎች ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገኛሉ፤ ለባለሙያም ቀላል ሥራ ናቸው።

ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዪው። በሴኮንድ አንድ ጊዜ ጠብ የሚል ቧንቧ በቀን 86,400 ጊዜ ጠብ ይላል። አንድ ሊትር ለመሙላት 4,000 ያህል ጠብታ ይበቃል፤ በቀን ከ21 ሊትር በላይ ማለት ነው። አንድ ሙሉ ጀሪካን! ፈረቃ ጠብቀሽ፣ እንቅልፍ አጥተሽ የሞላሽው ጀሪካን በየቀኑ ሳታዪው ይደፋል። ሽሽ የሚል ማጠራቀሚያ ደግሞ ከጠብታ በላይ ያፈስሳል።

ስለ ክፍያው ከባለቤትሽ ጋር የምትከራከሩበት ምክንያት የለም። የዘንድሮንና የአምናን ደረሰኝ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብሩን ተዉትና የሜትር ኩቡን ቁጥር እዩ። ታሪፍ ሲጨምር ብሩ ይጨምራል፤ ሜትር ኩቡ ግን ባለበት ይቆያል። ቤተሰቡ ሳይበዛ ሜትር ኩቡ ከጨመረ ውሃው የሚሄድበት ሌላ ቦታ አለ። ያን ጊዜ በሚቀጥለው የውሃ ሌሊት ሮቶው ከሞላ በኋላ ሁሉንም ቧንቧና የሮቶውን መውጫ ዝጉና ቆጣሪውን በባትሪ እዩት። ሁሉም ተዘግቶ ትንሿ ቀይ መዘውር ከዞረች ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ባለው መስመር ወይም በሮቶው ውስጥ የሚያፈስስ ነገር አለ። ከሮቶው ወዲህ ያለውን ለማወቅ ደግሞ ውሃ በማይመጣበት ሌሊት ስትተኙ ውሃው ያለበትን ከፍታ በጠመኔ አስምሩ፤ ጠዋት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት እዩት። በአንዱ ሌሊት የሽንት ቤቱን መዝጊያ ከፍታችሁ፣ በሌላው ዘግታችሁ ብትሞክሩት ውሃውን የሚወስደው እሱ መሆን አለመሆኑ ይለያል።

የወጥ ቤቱ ጉርር የምትለው ድምፅ አየር ናት። ቱቦው ጠቦ ውሃው ሲወርድ አየሩን ከታች ይስበዋል። በእኛ ወጥ ቤት ቱቦ የሚያጠበው ዘይት፣ የሽሮና የወጥ ፍርፋሪ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቡና አተላ ነው። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ አተላው ይጣበቅበታል። ከማጠቢያው ሥር ያለውን የታጠፈ ቱቦ ባልዲ ደቅነሽ ፈትተሽ ብታጥቢው አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል፤ ስትመልሺው ጎማው በቦታው መቀመጡን አረጋግጪ። ከአደራ ጋር የምነግርሽ አንድ ነገር ቢኖር በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አለማደባለቅ ነው። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ሰው ሊጥል ይችላል። ታጥፎ የነበረው ቱቦ ከታጠበ በኋላም ጉርርታው ካልተወ፣ በተለይ ሽንት ቤት ውሃ ስትለቂ ማጠቢያው ከጮኸ፣ መዘጋቱ ከቤትሽ ውጭ በጋራው መስመር ላይ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌሎች ጎረቤቶችሽንም ጠይቂ።

ወደ እማማ እንመለስ። ባዶ እጅሽን በደረጃው አትውጪ። ቡናውን አፍልተሽ ወደ ቤትሽ ጥሪያቸው፤ እድፏን ሳትነግሪያቸው በፊት በዓይናቸው ይዩዋት። ንግግርሽንም ከራስሽ ጀምሪ። "እማማ፣ የሽንት ቤታችን ውሃ እያባከነብን ባለሙያ ልጠራ ነው። እዚህ ጣሪያ ላይም እርጥበት አይተናል፤ ከጋራው ቱቦ ይሁን ከሌላ ገና አላወቅንም። ሰውየው ሲመጣ የእርስዎንም አንድ ጊዜ እንዲያይልን ይፈቅዱልኛል?" ቃሉን እንደ ጠባይሽ አስተካክዪው። እኔ ልነግርሽ የፈለግሁት ቅደም ተከተሉን ነው፤ መጀመሪያ የራስሽ ጉድለት፣ ቀጥሎ የጋራ ጥርጣሬ፣ ከዚያ ፈቃድ መጠየቅ። ስለ ገንዘብ በዚያ ቀን አታንሺ። ቤይሩት ላለችው ልጃቸውም ከጀርባቸው አትደውዪ፤ በዚህ ዕድሜ ሰውን ከሚያሳፍሩ ነገሮች አንዱ ስለ ራሱ ቤት ከልጁ አፍ መስማት ነው።

ከተስማሙ በሚቀጥለው የውሃ ሌሊት እንዲህ አድርጉ። ባለቤትሽ ወይም የሚያምኑት የጎረቤት ወጣት ከእማማ ጋር ሆኖ በርሜሎቹን ይሙላ፤ አንዲት ጠብታ ወለል ላይ እንዳትፈስስ። ልብስ ማጠብ ለማግስቱ ከሰዓት በኋላ ይቆይ። አንቺ አስቀድመሽ የእድፏን ዙሪያ በእርሳስ አስምሪና ቀኑን ጻፊበት። ሌሊቱን አንዴ፣ ጠዋት አንዴ ደረቅ ሶፍት ተጫኚባት። ምንም ሳይፈስስ፣ ምንም ሳይታጠብ ሶፍቱ ከረጠበ ቱቦ ነው። ጠዋት ደርቃ አድራ ልብስ ከታጠበ በኋላ ከረጠበች ፍሳሽ ነው፤ እንዲያውም የሳሙና ሽታ ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም ካልሆኑ ሲያፈስስ የኖረው የበርሜሉ ትርፍ ነው፤ ዕዳውም ድካም እንጂ ሌላ አይደለም። ለእሱ መፍትሔው ቀላል ነው። በርሜሉ ላይ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ይገጠማል፤ አለዚያም በሳምንት ሁለት ሌሊት አንዳችሁ ወጥታችሁ ትሞሉላቸዋላችሁ። ገንፎውን ላገነፉልሽ እጆች ይህ የሚከብድሽ አይመስለኝም።

ባለሙያውን ስትጠሪ መጀመሪያ የምርመራውን፣ ቀጥሎ የጥገናውን ዋጋ ለይታችሁ ተስማሙ። ሳይመረምር "ሴራሚኩን እንስበረው" የሚልሽን አመስግነሽ ሸኚው። የአንቺንና የእማማን ሥራ በአንድ ቀን ማሠራትሽ ዋጋውንም ያቀልላል፤ እማማም ለብቻቸው የተጠሩ አይመስላቸውም።

ወጪውን በተመለከተ፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ለይቶ ያስቀምጣል። ከላይ እስከ ታች የሚወርደው የጋራ ቱቦ ከሆነ ጉዳዩ የባለቤቶች ማኅበራችሁ ነው፤ የቀኑን ማስታወሻሽንና ፎቶግራፉን ይዘሽ በጽሑፍ አመልክቺ። በእማማ ቤት ውስጥ ያለ የእሳቸው ብቻ ቱቦ ከሆነ ጥገናው በደንቡ የእሳቸው ነው። ደንብ ግን ከደንብ በላይ ማድረግን አይከለክልም። ከባለቤትሽ ጋር አስቀድማችሁ ተመካከሩ፤ ምን ያህል ማገዝ ትችላላችሁ? ክብራቸውን ሳትነኩ እንዴት ትሰጣላችሁ? "የሠራተኛውን እኛ ከፍለናል፤ እርስዎ ዕቃውን ብቻ" ማለት ለአንዳንድ ሰው ይቀልለዋል። እማማን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ።

ቢቆጡስ ብለሽ ትፈሪ ይሆናል። ሊቆጡ ይችላሉ። ለብቻው የሚኖር ሰው ቤቱ ተበላሸ ሲባል የራሱ አቅም ተነካ ይመስለዋል። ያን ቀን መልስ አትስጪ፤ ቡናውን አጠጥተሽ ሸኚያቸውና ከሁለት ቀን በኋላ ጠይቂያቸው። በዚህ መካከል ግን ልስኑ ወደ ታች ማበጥ ከጀመረ፣ በጣትሽ ስትነኪው ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ወይም ውሃ ጠብ ማለት ከጀመረ መጠበቅ አይገባም፤ ልጆቹን ከመታጠቢያ ቤቱ አርቀሽ በዚያው ቀን ባለሙያም የማኅበሩን ሰውም ጥሪ። ረጅም ጊዜ የረጠበ ሶሌታ ውስጥ ያለው ፌሮ ይዝጋል፤ የዛገ ብረት ይፋፋና ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል፤ ያ ሲደርስ የእርስ በርስ መተሳሰብ ብቻውን አይጠግነውም።

ቀለሙን በተመለከተ ለባለቤትሽ መልእክት አድርሺልኝ። ምንጩ ከተገኘና ከተደፈነ በኋላ ጣሪያው በደንብ ይድረቅ፤ የላላው ልስን ተፍቆ ይነሣ፤ ሻጋታ ካለው ይታጠብ፤ ከዚያ ይቀባ። ለፋሲካ ካልደረሰ አይድረስ። የመጡት እንግዶች የሚያዩት ሰሃን የምታክል እድፍና በዙሪያዋ ቀን የተጻፈባት የእርሳስ መስመር ይሆናል፤ ለቤቱ የሚያስብ ሰው እንዳለ ይረዳሉ።

እርሳሱን ግን ዛሬ አንሺ። የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት እድፏ መስመሩን አልፋ እንደሆነ፣ እማማም ቡናው ላይ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ ደብዳቤሽን እጠብቃለሁ።